እጄን ላዩልኝ የደሴው ፎቶ አንሺ ምስጋና ይድረስልኝ

ይህን ጽሁፍ ልጽፍ ሳስብ ሦስት ወር ሆነኝ። ጋሼ ስማቸውን እንዳልጠራ፣ ፎቷቸውንም እንዳልለጥፍ አስምለውኛል። እሺ ብያለሁ። አላመሰግንም ግን አላልኩም።

የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ቀን ቀን የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ማታ ማታና እሁድ ራሴን ፎቶ አነሳለሁ። ሴልፊ አይደለም። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አቆማለሁ፣ ታይመሩን እሞላለሁ፣ ሮጬ ሄጄ እቀመጣለሁ። ያለኝ አስር ሰከንድ ነው። ብዙ ጊዜ ወንበሩ ላይ ሳልደርስ ያነሳኛል። ጎረቤቶቼ በመስኮት አይተው አብዳለች ያሉበት ጊዜ ነበር። የጀመርኩት በ2014 መጨረሻ ነው። ለምን ጀመርሽ ቢሉኝ፣ ሰውን አንሱኝ ማለት ስለማፍር ነው እል ነበር።

ችግሬ ፎቶዎቼ የእኔ አለመምሰላቸው ነበር። አንድ ሰሞን እንደ ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ ሥራዎች ፊቴን ሰማያዊ ቀለም ተቀብቼ ተነሳሁ (አይዳ ብታየው ምን እንደምትል እንጃ)። ሌላ ሰሞን ሁሉንም ጥቁርና ነጭ አደረግኩ። ከዚያ ደግሞ ጦሳ ተራራ ወጥቼ ጉም ውስጥ ነጠላ ዘርግቼ ቆምኩ። ጉንፋን ያዘኝ። እህቴ ሁሉንም አይታ "አንቺ ግን የትኛዋ ነሽ?" አለችኝ። ለቀልድ ነው ያለችው። እንቅልፍ ነሳኝ።

መፍትሄ ፍለጋ የከፈልኩትን ባልናገር ይሻላል፤ ግን ልናገር። አንድ የኦንላይን ስልጠና ገባሁ። "በ7 ቀን የራስዎን ስታይል ያግኙ" ይላል። 3,000 ብር ከፈልኩ። የሰጡን የተዘጋጀ ፊልተር ነው። በሳምንቱ የሁላችንም ፎቶ ብርቱካናማ ሆነ። የራስዎን ማለት ይሄ ነው እንግዲህ።

ከዚያ አንድ ፎቶ ቤት ላሳትም ሄድኩ። አንገቴ ላይ ከልጅነቴ የቀረ የእሳት ጠባሳ አለ። ሳላዛቸው አጠፉት። ፊቴንም አንጥተው ኖራ የተቀባ ግድግዳ አስመሰሉት። ምነው ስል ልጁ "አሳመርንሽ እኮ!" አለኝ። ከፈልኩ። ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ አለቀስኩ።

ሌላ ቦታ ደግሞ ልጁ ፍላሼን ከፍቶ አየና ጓደኛውን ጠራው። "ሁሉም ራሷ ናት። ሰው የላትም እንዴ?" ተሳሳቁ። እኔ እዚያው ቆሜ! የዚያን ቀን ማታ ካሜራዬን በስልኬ አንስቼ "የሚሸጥ" ብዬ ለጠፍኩት። ደግነቱ ገዢ ጠፋ።

ጋሼን የጠቆመችኝ የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ናት። "ለመታወቂያ ጉርድ እሳቸው ጋ ነው የተነሳሁት። በሕይወቴ ጉርድ ላይ ሰው የመሰልኩት ያኔ ብቻ ነው" አለችኝ። የሐረጎን ጠመዝማዛ ወጥቼ ደሴ ስደርስ ጉም ነበር። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት መንገዷ፤ ብርዱ ግን ሌላ አገር ነው። ሹራብ አልያዝኩም። ገና ከበሩ ስገባ ጋሼ አዩኝና ጋቢያቸውን አውልቀው ጣሉብኝ። ሰላምታ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው።

ፒያሳ አካባቢ ያለች ጠባብ ቤት ናት። ከኋላ ፏፏቴ የተሳለበት የድሮ መጋረጃ ተሰቅሏል። ፍላሹን ሰጠኋቸው። 62 ፎቶ ነበረው። "የትኛው ይታተም?" አሉኝ። "አላውቅም ጋሼ" ስል ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ኮምፒውተሩን ትተው ወደ እኔ ዞሩ።

"አብሽሪ" አሉኝ። "አብሽሪ፣ ቁጭ በይ።"

ሻይ አስመጡልኝ። ከዚያ 62ቱንም በትንሽ በትንሹ አተሟቸው። መሃል ላይ መብራት ሄዶ መጣ። እንደ ካርታ ባንኮኒው ላይ ደረደሯቸው። የትኛው ያምራል አላሉኝም። "ቤትሽ ቢዘረፍ፣ የትኞቹ ቢጠፉብሽ ያንገበግቡሻል?" አሉኝ።

ይህ ጥያቄ እኛ አገር ቀላል አይደለም። በ2014 ጦርነቱ ሲደርስ ከኮምቦልቻ ወጥተን ኅዳር መጨረሻ ላይ ስንመለስ የእናቴ አልበም አልነበረም። ቴሌቪዥኑስ ይሁን። የሰው አልበም ለማን ምን ይረባል? አባቴ ያለው እዚያ ውስጥ ነበር። አሁን በእጃችን የቀረው አንድ ጉርድ ነው፤ እሱም ከድሮ የሥራ መታወቂያው የተላጠ። ጋሼም ካሜራቸውን፣ ማተሚያቸውንና የስንት ዓመት ኔጋቲቭ አጥተዋል። ይህን የነገሩኝ ግን በኋላ ነው።

ዘጠኝ መረጥኩ። ሳላስብ ነው የመረጥኩት። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው አጎነበሱ። ብዙ ዝም አሉ።

"ልጄ፣ እጅሽን አየሽው?"

እኔ የማየው ፊቴን ነበር። ሁልጊዜ ፊቴን። ዘጠኙም ላይ ፊቴ ወይ ዞሯል ወይ ግማሹ የለም። እጄ ግን የሆነ ነገር ይዟል። የእናቴን ጀበና። የበር እጀታ። የመጋረጃ ጫፍ። የሰፌድ ጠርዝ። ሁሉም የቤት ዕቃ ነው። የሚቀማኝ ሰው ያለ ይመስል ጨብጬዋለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ይህን ሳነሳ አላወቅኩትም።

"እንዴት አዩት?" አልኳቸው።

"ዕድሜዬን ሙሉ ጉርድ ያነሳሁ ሰው ነኝ። ጉርድ እጅን ይቆርጣል። ሰው ደግሞ እጄ አይታይም ብሎ ፊቱን ያስተካክልና ጭንቀቱን እጁ ላይ ይተወዋል። እኔ እጁን ነው የምጠብቀው። እጁ ፈታ ሲል አነሳለሁ።"

ጓደኛዬ ጉርዷ ላይ ሰው የመሰለችበት ምስጢር ይኸው።

ከዘጠኙ አንዷን በትልቁ አተሙልኝ። ቀለሙንና ብርሃኑን ምናምን ነካክተዋል፤ ምን እንዳደረጉ አልገባኝም፣ አልዋሽም። ጠባሳዬ ጋ ሲደርሱ ግን ቆሙ። "ይሄን ልንካው?" ብለው ጠየቁኝ። ጠየቁኝ እኮ! "አይንኩት" አልኩ። አልነኩትም። ለ62ቱ ትንንሽ ፎቶ ብር አልተቀበሉኝም። "የወረቀት ትራፊ ነው" አሉ።

ትራፊ ሲሉ ሳሙኤል ፎሶ ትዝ አለኝ። ካሜሩን ተወልዶ ናይጄሪያ ያደገ ፎቶ አንሺ ነው። በፈረንጆቹ 1975፣ በ13 ዓመቱ፣ የመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ ዋና ከተማ ባንጊ ውስጥ ፎቶ ቤት ከፈተ። ቀን ደንበኛ ያነሳል። ሥራ ሲያበቃ ፊልሙ ላይ በተረፈችው ራሱን ያነሳል። ናይጄሪያ ላሉት አያቱ ይልክላቸው ነበር። ዛሬ ሥራዎቹ ትልልቅ ሙዚየሞች ውስጥ አሉ። በፈረንጆቹ 2014 ባንጊ ያለው ቤቱ ተዘረፈ። ኔጋቲቮቹን ከደጅ ለቅመው ያተረፉለት ፎቶ ጋዜጠኞችና አንድ የሰብዓዊ መብት ሠራተኛ ናቸው። ይህን ለጋሼ አወራኋቸው።

"እሱም በ2014?" አሉ።

"የፈረንጅ ነው ጋሼ።"

"ቢሆንም" አሉ።

ከመሳቢያ አንዲት ጥቁርና ነጭ ፎቶ አወጡ። አፍሮ ያበጠረ፣ የሸሚዙ ኮሌታ ትከሻው ላይ የደረሰ ጎረምሳ። "36 የሚያነሳ ፊልም 34 ላይ ደንበኛ ካለቀብሽ ምን ታደርጊያለሽ? ራስሽን ነዋ!" ሰው ቤት ስለነበረች የተረፈች ፎቶ ናት። እኔም እጃቸውን ፈለግኩ። ኪሳቸው ውስጥ ነው።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ደሴ እወጣለሁ። ሰማያዊ ቀለሙን ለእህቴ ልጆች ሰጠኋቸው። አንዳንዴ ይለምድብኝና የሌላ ሰው ፎቶ እኮርጃለሁ። ጋሼ ወዲያው ያውቃሉ። አይቆጡም። "ይቺ እንግዳ ናት" ብለው ለብቻዋ ያስቀምጧታል። እናቴ ግን እስከ ዛሬ "ምነው ፊትሽን ትደብቂዋለሽ?" እንዳለች ነው።

ፎቶ የምትሞክሩ ልጆች፣ ሂዱ። በተለይ ተስቆባችሁ የተመለሳችሁ ሂዱ። ጉድለታቸውንም ልናገር፤ ይዘገያሉ። አርብ ለጁምዓ ይዘጋሉ፣ መቼ እንደሚከፍቱ እሳቸውም አያውቁም። ስልክ ጠርቶ ጠርቶ ይዘጋል። ግን ሂዱ። አቅጣጫውን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እመልሳለሁ። እኔ ነኝ የጠቆምኳችሁ ግን እንዳትሉ፣ ጉዴ ይፈላል።

ጋሼ፣ ልጅዎ ይህን ካነበበልዎት፣ አላህም እግዜርም ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ጋቢውን የፊታችን ቅዳሜ ይዤ እመጣለሁ፤ ረስቼው አይደለም።

ጉርድ ብቻ የምትፈልጉም ሂዱ። እጃችሁን ግን ፈታ አድርጉ፣ ያዩባችኋል።