ስለ ሁለቱ ቀዳዳዎች፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን

ባሕር ዳርና አካባቢዋ ያላችሁ፣ የብረት ሥራ የሚያጋጥማችሁ ሁሉ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። አንድ ባለሙያ ላመሰግን ነው፤ በዚያውም ልጠቁማችሁ።

ታናሽ ወንድሜ ከወገቡ በታች አይታዘዝለትም፤ ክንዱ ግን ብርቱ ነው። በእጅ የሚነዳ ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት እየሠራሁለት ነበር። ጎማውና ሰንሰለቱ ከአሮጌ ብስክሌት፣ አካሉ ከቱቦላሬ፤ ውስጡ ክፍት ከሆነው ባለ አራት ማዕዘን ብረት። ፔዳሉ ከእግር ሥር ወጥቶ ደረቱ ፊት ለፊት፣ በቆመ 60 በ60 ቱቦላሬ ላይ ይገጠማል። ለዚህ ደግሞ ዘንጉ የሚዞርበት የኩሽኔታ ቤት ቱቦላሬውን ከጎን ወደ ጎን አልፎ መቀመጥ አለበት። ቤቱ 68 ሚሊ ይረዝማል፤ የውጭ ስፋቱ 40 ሚሊ ነው። ስለዚህ በሁለቱም ገጽ ላይ 40 ሚሊ ቀዳዳ ያስፈልጋል፤ ያውም ፊት ለፊት የሚተያይ። አንዱ ከሌላው ትንሽ ከሸሸ ዘንጉ ይንጋደድና ሰንሰለቱ መንገድ ላይ እየወለቀ ያስቸግራል።

መጀመሪያ የሰጠኋቸው ሰዎች በኦክስጅን እሳት ቆረጡልኝ። ቀዳዳው እንቁላል መሰለ። «ክፍተቱን በብየዳ እንሞላዋለን» አሉኝ፤ ይዤ ወጣሁ። ሌላ ቱቦላሬ ገዝቼ ቤት ውስጥ በእጅ ድሪል ሞከርኩ፤ ያንን ኩባያ የሚመስለውን ባለ ጥርስ መቁረጫ ገጥሜ። ጥርሱ ነደደ፤ ነክሶ ሲይዝ የእጄን አንጓ ጠመዘዘው። ሥራው ቆመ። ወንድሜ አንድም ቀን «የት ደረሰ?» ብሎ አልጠየቀኝም፤ እሱ ነው የከበደኝ።

በሰው ጥቆማ እኚህን አባት አገኘኋቸው። የዱሮው ፖሊ፣ የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ፣ ተማሪ ናቸው፤ በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት ትብብር የተከፈተው። የሚሠሩበት ሚሊንግ ማሽንም፣ በሚዞር መቁረጫ ብረት የሚልገው፣ አሮጌ ነው፤ ዘይቱ ግን የዛሬ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ አንድ ብናኝ ብረት አታዩም። የተቃጠለውን መቁረጫ አገላብጠው አዩና «ልጄ፣ ስንት ነበር የሚዞረው?» አሉኝ። ድሪሉ ላይ 2,800 ይላል። ይህን የሚያህል መቁረጫ በተራ ብረት ላይ በደቂቃ ከ240 ዙር ብዙም ማለፍ እንደሌለበት አስረዱኝ። ከአሥር እጥፍ በላይ አሩጬው ኖሯል።

ከዚያ ያየሁትን ላጫውታችሁ። 60 ነው ያልኳቸውን ቱቦላሬ አላመኑኝም፤ በቬርኒየር ለኩት፣ 59.6 ሆነ። ሞርሳው ሲያጠብቀው እንዳይጨፈለቅ ቀዳዳው ከሚያርፍበት ቦታ ግራና ቀኝ፣ ከቱቦላሬው ውስጥ፣ ጠንካራ እንጨት ጠርበው ከተቱበት። መሃሉን በእርሳስ አላሰመሩም። ማሽኑን አንዱን ጎን አስነክተው ቁጥሩን ያዙ፣ ሌላኛውን ጎን አስነኩ፣ ለሁለት ከፈሉት። መዘውሩን ከሚፈለገው ቁጥር ካሳለፉት ወደ ኋላ አብዝተው ይመልሱትና እንደገና ከመጀመሪያው አቅጣጫ ይመጣሉ፤ ጠመዝማዛው ውስጥ ያለው ልቅነት እንዳያታልላቸው ነው።

በዚያ መቁረጫ ዓይነት 38 አድርገው ከፈቱት። የቀረችውን 2 ሚሊ ግን በአንድ ምላስ ብቻ በሚቆርጠው በቦሪንግ ሄድ ነው የወሰዷት። የላይኛውን ገጽ ጨርሰው ቱቦላሬውን አልገለበጡትም። ሳይፈቱት፣ ሳያንቀሳቅሱት፣ ያው ምላስ ወርዶ የታችኛውን ገጽ ላገው፤ ሁለቱ ቀዳዳዎች በአንድ መስመር የቆሙት በዚህ ነው። ምላሱን የያዘው ዘንግ ረጅም ስለሆነ ብዙ ከወሰዱ ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ እንደ ፀጉር የቀጠነ ብረት እያነሱ፣ በየዙሩ እያቆሙ ይለካሉ። መጨረሻ ላይ ጠርዙን በሞረድ አለስልሰው የኩሽኔታውን ቤት ሰጡኝና «በአውራ ጣትህ ግፋው» አሉኝ። ገፋሁት። ሁለቱንም ቀዳዳ አልፎ ተቀመጠ፤ ነቀነቅኩት፣ አይነቃነቅም። በሁለቱም በኩል እኩል 4 ሚሊ ተርፏል።

በዚህም አላበቁም። በያጁ የኩሽኔታውን ቤት ዙሪያውን በአንድ ጊዜ እንዳይበይደው፣ መጀመሪያ አራት ቦታ ፊት ለፊት እየተሻገረ እንዲነካካው፣ በቤቱ ውስጥ ያለው ክዳኑ የሚጠብቅበት ጥርስ በሙቀት እንዳይጣመም አሮጌ የኩሽኔታ ክዳን ውስጡ እንዲታሰር ነገሩኝ። ያሉትን አደረግን፤ ሲቀዘቅዝ አዲሱ ክዳን በእጅ ገባ።

ዋጋቸው በእሳት ከሚቆርጡት ይበልጣል፤ ይገባቸዋል። ለችኩል ሥራ ግን አይሆኑም፤ ቀን ይቀጥሯችኋል፣ በቀጠሮው ቀን ደግሞ ታገኟቸዋላችሁ። ስትሄዱ በወረቀት ቁጥር ጽፋችሁ አትሂዱ፤ የሚገባውን ዕቃ ራሱን ይዛችሁ ሂዱ። የወፍጮ፣ የፓምፕ፣ የጋሪ ሥራ ያላችሁ በተለይ። ስማቸው እዚህ እንዲወጣ አልፈለጉም፤ ስልካቸውን ግን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እንድሰጥ ፈቅደውልኛል።

ጋሼ፣ ይህን ልጆችዎ ያነቡልዎታል ብዬ ነው። ባለፈው እሑድ ወንድሜ አዲሱን የአባይ ድልድይ፣ 380 ሜትሩን፣ በብስክሌተኞች መስመር በገዛ ክንዱ ተሻገረ። አባይ ማዶ ደርሶ ብቻውን ዞሮ ተመለሰ። ሰንሰለቱ አንዴም አልወለቀም። ዕድሜና ጤና ይስጥልን።