ከጨረር በኋላ ሰው ላደረገችኝ ፊዚዮቴራፒስት

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን ጽሁፍ ስንት ጊዜ ጀምሬ እንዳጠፋሁት እኔ ነኝ የማውቀው፣ ምክንያቱም የበሽታው ስም ራሱ ከአፍ አይወጣም። ዛሬ ግን በቃ ልጻፈው። የነበረብኝ የፊንጢጣ ካንሰር ነው። ለዘመድ ለጓደኛ ሁሉ "የአንጀት ነው" እያልኩ ሁለት አመት ቆየሁ።

የማመሰግናት ልጅ የዳሌ ወለል ፊዚዮቴራፒስት ናት፣ ፔልቪክ ፍሎር የሚሉት፣ ፊኛን ማህፀንን ፊንጢጣን ከስር ደግፎ የሚይዘው ጡንቻ ማለት ነው። ስሜን አትጻፊ ስላለችኝ አልጽፍም፣ ግን ሙያው እንዳለ እወቁልኝ፣ እኔ ከህክምና በኋላ አንድ አመት ሙሉ እንዲህ የሚባል ባለሙያ መኖሩን ሳላውቅ ነው ቤቴ ተዘግቼ የተቀመጥኩት።

ሲጀምር ደም ነበር፣ ከዛ ስቀመጥ የሚቆረቁረኝ ነገር። ኪንታሮት ነው ተብዬ ሰባት ወር ቅባት ስቀባ ከረምኩ፣ በሰባት ወር ውስጥ አንድም ሰው በጣቱ አልመረመረኝም። እኔም አፍሬ አልጠየቅኩም። እባካችሁ፣ ኪንታሮት ነው የተባላችሁት ደም በመድሃኒት አልቆም ካለ በጣት ይታይልኝ በሉ፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እኔን በመጨረሻ ያየችኝ ሀኪም ወዲያው ነው ናሙና ይወሰድ ያለችው።

የበሽታው ስም ሲነገረኝ መጀመሪያ የጠየቅኩት ቀዶ ጥገናው መቼ ነው ብዬ ነበር። ቀዶ ጥገና የለውም፣ ኬሞና ጨረር አንድ ላይ ነው የሚሰጥሽ ተባልኩ። ድሮ ፊንጢጣው ጠቅላላ ተቆርጦ ይወጣና ሰው እድሜ ልኩን ሆዱ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት ነበር የሚኖረው፣ ኖርማን ኒግሮ የሚባል ሀኪም እ.ኤ.አ. በ1974 ከቀዶ ጥገናው በፊት ኬሞና ጨረር አብሮ ሰጥቶ እጢው ጠፍቶ ካገኘው በኋላ ነው መንገዱ የተቀየረው። ይሄን ስሰማ እንዴት እንዳለቀስኩ።

28 ጨረር ወሰድኩ፣ ከሰኞ እስከ አርብ፣ በጨረር ቀን ደግሞ ጠዋትና ማታ የኬሞ ክኒን። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ይሄማ ቀላል ነው ብዬ ነበር። ከአራተኛው ሳምንት በኋላ ግን ቆዳዬ ተቃጥሎ ተላጠ፣ ሽንት ስሸና እሳት ነው፣ ሰገራ ሲመጣማ በር ይዤ ነበር የምጮኸው። የጨረር ክፍል ነርሷ ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ አድርገሽ እዛው ተቀምጠሽ ሽኚ ብላኝ ያቺ ምክር ብቻ ስንት ቀን አዳነችኝ፣ እሷንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሌላው ጨረሩ ካለቀ በኋላም ቆዳው ሁለት ሳምንት ያህል ሊብስ እንደሚችል እወቁ፣ እኔ የመጨረሻው ቀን አለቀ ብዬ ተደስቼ በሳምንቱ ሲብስብኝ ካንሰሩ ተመልሶ ነው ብዬ አብጄ ነበር። እጢውም ቀስ እያለ ነው የሚጠፋው፣ እስከ 26 ሳምንት ይጠበቃል፣ በሦስተኛው ወር ትንሽ ቀርቷል ብትባሉ አትደንግጡ።

ከዛ ጠፍቷል፣ ነጻ ነሽ ተባልኩ። ሁሉም ሰው ደስ አለው። እኔ ግን ከሽንት ቤት ውጪ ህይወት አልነበረኝም። መጣ ካለ መጣ ነው፣ ግማሽ ደቂቃ አይሰጠኝም፣ ሁለት ጊዜ መንገድ ላይ አምልጦኛል። ባሌ ጋር አንድ አልጋ ላይ ጀርባ ሰጥቼው ነው የምተኛው፣ እሱ በሽታውን የፈራሁ ይመስለዋል እኔ ደግሞ ህመሙን ነው የምፈራው፣ ጨረሩ ብልቴን አጥብቦት አድርቆት የወር አበባዬንም አቁሞት ነበር። ለክትትል ስሄድ ስካኑ ጥሩ ነው ይሉኛል፣ እኔም ጥሩ ነኝ ብዬ እመለሳለሁ።

አንድ ቀን ተራ ስጠብቅ ሦስት ጊዜ ሽንት ቤት ስመላለስ ያየች ነርስ ናት ወደዚች ልጅ የላከችኝ።

የመጀመሪያ ቀን ምንም አልነካችኝም። "እትዬ፣ በቀን ስንት ጊዜ ይሄዳሉ? ይደርሳሉ ወይስ ያመልጦታል? ሲያመልጥ ፈሳሽ ነው ጠጣር?" እያለች ልክ እንቅልፍ እንዴት ነው እንደሚባለው አድርጋ ጠየቀችኝ። አይኗን አላሸሸችም ድምጿንም ዝቅ አላደረገችም። መልስ ከመስጠቴ በፊት አለቀስኩ፣ አልቅሼ እስክጨርስ ጠበቀችኝ። በሦስተኛው ቀጠሮ አንቺ በይኝ አልኳት።

በሽታው ከምን እንደሚመጣም ያስረዳችኝ እሷ ናት። ከአስር የፊንጢጣ ካንሰር ዘጠኙ ገደማ ኤችፒቪ ከሚባለው፣ በግብረ ስጋ ግንኙነት ከሚተላለፈው ቫይረስ ጋር የተያያዘ ነው፣ ቫይረሱ ደግሞ አብዛኛው ሰው በህይወቱ አንዴ የሚያገኘው፣ ስንት አመት ዝም ብሎ ሊቀመጥ የሚችል ነው። እኔ ለካ ስንት ሌሊት ባሌን ስጠረጥር ራሴን ስወቅስ ያደርኩት በከንቱ ነው። ባሌን ይዤው መጥቼ እሱም እንዲሰማ አደረገችው።

ስራው ላይ ስንገባ፣ እኔ በራሴ ጡንቻውን ጭምቅ ጭምቅ እያደረግኩ ነበር፣ ለካ ትንፋሼን ይዤ መቀመጫዬን ነው የማጠብቀው። ስክሪን ላይ ጡንቻው ሲሰራና ሲላላ አሳየችኝ፣ የኔ ችግር ጡንቻው ከፍርሃት ብዛት ሁሌ የተኮማተረ መሆኑ ነበር፣ ስለዚህ መጀመሪያ መልቀቅ ነው የተማርኩት፣ ከዛ በኋላ ነው መያዝ። የበላሁትንና የሄድኩበትን ሰአት ደብተር ላይ አስጻፈችኝ፣ በሱ መሰረት ዶክተሯ ሎፔራማይዱን፣ ተቅማጥ የሚያቆመውን መድሃኒት፣ ከምግብ በፊት እንድወስድ አስተካከለችልኝ። ሽንት ቤት ስቀመጥ እግሬ ስር ዱካ አስደረገችኝ። ሲመጣብኝ እንዳልሮጥ፣ ቆሜ እንድተነፍስ፣ አንድ ደቂቃ፣ ከዛ ሁለት፣ ከዛ አምስት። ዳይሌተር፣ የጠበበውን ብልት ቀስ በቀስ የሚያሰፋው ለስላሳ ዘንግ ማለት ነው፣ አጠቃቀሙንም ቀስ ብላ ከትንሹ ጀምራ አሳየችኝ፣ ቆዳው ከዳነ በኋላ ቶሎ መጀመር ነበረብሽ ስትለኝ ማንም ስላልነገረኝ በጣም ተናደድኩ፣ አሁንም ያናድደኛል። ሆኖም ረድቶኛል፣ ከባሌ ጋር ያለው ነገርም ቀስ በቀስ ተመልሷል፣ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ሙሉ በሙሉ ድኛለሁ አልልም። ድካሙ አለ፣ አንዳንድ ቀን ፓድ እለብሳለሁ፣ ቅያሪ ልብስ ከቦርሳዬ አይጠፋም። ግን ባለፈው ወር የልጄ ትምህርት ቤት ፕሮግራም ላይ መሀል ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ለሌላው ሰው ምንም አይደለም። እኔ ግን ለሁለት አመት በር አጠገብ፣ ጫፍ ላይ እንጂ የትም ተቀምጬ አላውቅም። ግራና ቀኜ ሰው ሞልቶ፣ ሁለት ሰአት ሙሉ፣ ልጄ መድረክ ላይ ስትወጣ አይኔን ከሷ ሳልነቅል አየኋት። እዛው ሆኜ ለፊዚዮቴራፒስቷ "መሀል ነኝ" ብዬ ቴክስት ላኩላት፣ ገባት፣ ልብ ብቻ መለሰችልኝ።

የማህፀን በር፣ የፊንጢጣ፣ የፕሮስቴት፣ ማንኛውም ዳሌ ላይ ጨረር የወሰዳችሁ፣ ወንዶችም፣ ሀኪማችሁን የዳሌ ወለል ፊዚዮቴራፒ ሪፈር ጻፉልኝ በሉ። እስኪጠይቋችሁ አትጠብቁ። በግል ማውራት የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ምንም ጥያቄ ቢሆን አላፍርም፣ እመልሳለሁ።

የኔ እህት፣ ይሄን እንደምታነቢው አውቃለሁ። እድሜና ጤና ይስጥልኝ።