የእናቴን መዝገበ ቃላት ላዳኑልኝ መጽሐፍ ጠራዥ

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። ደግሞም ቤታችሁ ውስጥ ጀርባው የተገነጠለ፣ ገጹ የረገፈ የአባት የእናት መጽሐፍ ያላችሁ ሁሉ ወዴት እንደምትሄዱ እንድታውቁ ነው። ሽሮ ሜዳ የሚሠሩ አንድ አረጋዊ መጽሐፍ ጠራዥ አሉ። ድሮ ፒያሳ ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ ላይ ወጡ። ስማቸውን በአደባባይ እንዳላወጣ ስለለመኑኝ አላወጣም። በውስጥ መስመር ለሚጠይቀኝ ግን ሥራ ቤታቸውን በደስታ እጠቁማለሁ። ዕድሜና ጤና ይስጣቸው።

መጽሐፉ የእናቴ ነው። በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት። በመምህርነት በተቀበለችው የመጀመሪያ ደመወዟ ነው የገዛችው። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ብዙ አይቷል፤ ብዙ ዕቃም ተሸጧል። ይህ መጽሐፍ ግን ከራስጌዋ ተነሥቶ አያውቅም።

እናቴ ዘጠና ዓመት አልፏታል። የተወለደችው ጎጃም ነው፤ አባቷ የቅኔ መምህር ነበሩ። ዳዊት ደግማ ስትጨርስ ወንድሞቿ ወደ ቅኔ ቤት፣ እሷ ወደ ጓዳ ተባሉ። ጓዳው ከጉባኤው ብዙም ስለማይርቅ እንጀራ እየጋገረች ከግድግዳው ወዲያ የሚነገረውን ትቀበል ነበር። በዚያው በጎጃም ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ወንዱን ሁሉ ሰብስበው ቅኔ እንደሚያስተምሩ በሰማች ጊዜ አባቷን “እሳቸውስ ሴት አይደሉም ወይ?” ብላ ጠየቀች። አያቴ መልስ አጡ። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ፣ ተማሪዎቹ ሲበተኑ፣ ጉባኤ ቃና፣ ማለት ሁለት ቤት ብቻ ያላትን የጀማሪ ቅኔ፣ ያስቆጥሯት ጀመር። አዲስ አበባ መጥታ በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ተማረች፤ እስከ ጡረታዋም አማርኛ አስተማረች።

እግሯ እስኪከዳት ድረስ ቅድስት ሥላሴ ኪዳን ሳታደርስ ቁርስ አትቀምስም ነበር። በፍልሰታ የውዳሴ ማርያም ትርጓሜ ሲሰጥ ከፊት ተቀምጣ ትሰማለች፤ ቤት ስትገባ ነጠላዋን ሳታወልቅ መዝገበ ቃላቱን ገልጣ መምህሩ ያሉትን ታመሳክራለች። ያልተስማማትን በእርሳስ ኅዳጉ ላይ ታሰፍራለች። አንድ ቦታ ላይ “መምህሩ ተሳስተዋል” ይላል። ከሥሩ፣ ከዓመታት በኋላ በተንቀጠቀጠ እጅ፣ “የተሳሳትሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር ይበሉኝ” ተብሎ ተጽፏል። እኛ ልጆቿ ለዚህ መጽሐፍ የምንሳሳው ስለዚህ ነው። የታተመውን ሌላ ቦታ ማግኘት ይቻል ይሆናል፤ የእርሳሱን ግን የትም አናገኘውም።

መጽሐፉ ለሁለት ሲሰነጠቅ መጀመሪያ የወሰድሁት ቦታ ያለው ወጣት ቀና ብሎም ሳያየኝ “ኮፒ አድርጉትና አሮጌውን ጣሉት” አለኝ። ይህ እንኳ ደህና ነው። ሁለተኛው ቦታ በፈገግታ ተቀብሎ ወራት አስቀመጠብን። ስልክ ቢደወል የሚያነሣ የለም፤ ቢኬድ “ነገ” ነው። በመጨረሻ ሲመለስልን በሙጫ ተለውሷል፤ ገጾቹ እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ይባስ ብሎም ጠርዙን በመቁረጫ ማሽን ከርክመውት የእናቴ ጽሑፍ እኩሌታው በየቃሉ መሐል ተቆርጧል። “አስተካከልንልህ እኮ!” ነበር መልሳቸው። ያስከፈሉትን ገንዘብ አልናገርም፤ ያንገበግበኛል። እናቴ በጣቷ ኅዳጉን ዳሰሰችና “እግዜር ይስጣቸው” አለች። እኔ የእሷን ያህል ክርስቲያን ስላልሆንሁ ሌላ ነገር ነው ያልሁት።

የሽሮ ሜዳውን አባት የጠቆመኝ የሰፈራችን ዲያቆን ነው። ከሁለቱ ጉድ በኋላ ማንንም ማመን አቅቶኝ ስለነበር መጽሐፉን ከእጄ ለመልቀቅ አመነታሁ። እሳቸው ምንም አላሉም። ተነሥተው እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ፣ በንጹሕ ጨርቅ አደረቁ፣ ከዚያ ተቀበሉኝ። ስለ ዋጋ አላነሡም። የጠየቁኝ “እናታችን የሚያነቡት ተቀምጠው ነው ወይስ ጋደም ብለው?” ብለው ነው። ጋደም ብላ እንደሆነ፣ እጇም መጽሐፉን መሸከም እንዳቃተው ነገርኋቸው። “እንግዲያው ሰዋስው ለብቻው፣ ቃላቱ ለሁለት ይከፈሉ። አንድ ትልቅ መጽሐፍ ለጎረምሳ ነው” አሉ። ይህን ማንም አልጠየቀንም ነበር! ስንት ቦታ ስንዞር ስለሚያነበው ሰው የጠየቁ እሳቸው ብቻ ናቸው።

በየገጹ መሐል እናቴ ለዘመናት የሸጎጠችው ወረቀት ነበር። የማኅበር መዋጮ ደረሰኝ፣ የታናሽ ወንድሜ የክትባት ካርድ፣ የደረቀ የጤና አዳም ቅጠል። እያንዳንዱን ከየትኛው ገጽ እንዳወጡት በደብተር መዝግበው፣ ሥራው ሲያልቅ ወደየቦታው መለሱት። ቅጠሏን ሳይቀር። የተጣበቁትን ገጾች በምን ዘዴ እንዳላቀቋቸው አስረድተውኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር አልገባኝም። ብቻ አንድም ሳይቀደድ ተላቀቀ። ከመካከላቸው እናቴ ጠፋ ብላ ተስፋ የቆረጠችበት ቁራጭ ወረቀት ወጣ፤ በልጅነቷ ለአባቷ ያቀረበችው የመጀመሪያው ጉባኤ ቃናዋ። መነጽሯን አድርጋ አነበበችው፣ ደገመችው፣ ከዚያ “ቤት አይደፋም” አለች። “አባባ አዝነውልኝ ነው ዝም ያሉት።” ቀኑን ሙሉ ስትስቅ ዋለች።

መዝገበ ቃላቱ የተደራጀው አ፣ በ፣ ገ፣ ደ እያለ በሚሄደው በአበገደ የፊደል ተራ ስለሆነ ሀለሐመ ብቻ የሚያውቅ ሰው ቃል ፈልጎ አያገኝበትም። ጠራዡ ይህን ያውቃሉ። ሳንጠይቃቸው በየፊደሉ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ጨርቅ አድርገው ፊደሉን ጽፈውበታል። እናቴ “ይህ ለሰነፍ ተማሪ ነው” ብላ ተቆጣች፤ ልጄ ግን በዚያች ጨርቅ እየተመራች ለአያቷ ቃል መፈለግ ጀምራለች። ዘንድሮ በፍልሰታ ትርጓሜውን በሬዲዮ እየሰማን አብረው ሲያመሳክሩ ሰነበቱ።

የጠየቁኝ ሒሳብ መጽሐፉን ካበላሹት ሰዎች ያነሰ ነው። ልጨምር ብል እምቢ አሉ። ስመ ክርስትናቸውን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው “እናታችን በጸሎታቸው ያስቡኝ” ብቻ አሉ። እናቴም በየማለዳው ዳዊቷን ስትደግም ትጠራቸዋለች።

እባካችሁ፣ የአያት ዳዊት፣ የአባት ድርሳን፣ የቤተሰብ መጽሐፍ ቅዱስ ያላችሁ ወደ እኚህ ሰው ሂዱ። ለማንም ማሽን አትስጡ፣ ሙጫም አታስነኩ። እደግመዋለሁ፦ አታስነኩ! ወረፋ ስላላቸው ታገሡ፤ ብቻቸውን ነው የሚሠሩት። በዋጋም አትከራከሯቸው። በክረምት የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ መጽሐፋችሁን በፕላስቲክ ደህና አድርጋችሁ ጠቅልሉት፤ ወደ ሥራ ቤታቸው የሚያስገባው ቅያስ ጭቃ ነው።