ካል-ቢ ኢንዛይም፦ ሶስት ዓመት በእጄ ከሰራሁበት በኋላ

አዲስ አበባ ማስተርሷን የምትሰራ የአክስቴ ልጅ ባለፈው ደውላ "ይሄ ካል-ቢ የምትሉት ነገር እውነት ይሰራል ወይስ ወሬ ነው፣ ያለችኝን ትንሽ ባጀት ላውጣበት?" አለችኝ። በቴሌግራም ቮይስ ልመልስላት ጀመርኩና አላልቅ ሲለኝ ቁጭ ብዬ ልፃፈው አልኩ፣ ሌላም የሚጠቅመው ሰው አይጠፋም። እኔ እዚህ ጀርመን የመድኃኒት ኢንተርሚዲየት (መድኃኒቱ ከመጠናቀቁ በፊት ያለው መካከለኛ ውህድ) የሚሰራ ላብ ውስጥ ነኝ። በአጭሩ ከ5 ኮከብ 4 እሰጠዋለሁ፣ አንዷን ለምን እንደቀነስኩ ደሞ እነግራችኋለሁ።

ካል-ቢ ሊፔዝ ነው፣ ቅባት የሚቆርጥ ኢንዛይም ማለት ነው። ስሙ ካንዲዳ አንታርክቲካ ሊፔዝ ቢ ከሚለው ያጠረ ሲሆን እርሾው መጀመሪያ የተገኘው አንታርክቲካ ውስጥ ካለ ሐይቅ ነው፣ የሚገርመኝ ከዛ ብርድ መጥቶ 60 ዲግሪ ላይ ሳይከፋው መስራቱ። ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ሬዚን በሚባሉ ጥቃቅን የፕላስቲክ ዶቃዎች ላይ ተለጥፎ ነው፣ ጠርሙሱን ከፍታችሁ መዳፋችሁ ላይ ብትዘረግፉት አንድ ቁንጥር ነጭ ጤፍ ነው የሚመስለው፣ ደረቅ፣ የሚንከባለል።

ለምን እንደምንፈልገው ላስረዳ። ብዙ የመድኃኒት ሞለኪውሎች ግራና ቀኝ አላቸው፣ አተሞቻቸው አንድ ናቸው ግን አንዱ በአንዱ ላይ አይገጥምም። ሕፃን ልጅ ጫማውን አዛብቶ ሲያደርግ አይታችሁ ከሆነ እንደዛ ነው፣ ጫማው ያው የሱ ጫማ ነው ግን እግሩ አይገባም። ሀገራችን ቲቢ የታከመ ሰው የሚያውቀው ኢታምቡቶል ለምሳሌ ኤስ-ኤስ በሚባለው ቅርፁ ነው የሚሰጠው፣ አር-አር የሚባለው ባክቴሪያው ላይ ያለው ጉልበት በመቶዎች እጥፍ ያነሰ ነው። የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤም እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣው ፖሊሲ አምራቾች ሁለቱንም ቅርፆች ለይተው እንዲያውቁ ጠይቋል። በተራ ኬሚስትሪ ስንሰራ ግን ግማሽ በግማሽ ተደባልቆ ነው የሚወጣው፣ መለየቱ ነው ጣጣው።

አዲስ ዕቃ ሲመጣ ሁሌ የምሞክርበት 1-ፌኒልኤታኖል የሚባል ግራና ቀኝ ያለው አልኮል ነው። እሱን አሲቴቱን ከሚሰጠው ቪኒል አሲቴት ጋር ኤምቲቢኢ በሚባል ሶልቨንት (ማሟሚያ ፈሳሽ) ውስጥ አደርግና ዶቃዎቹን ጨምሬ 40 ዲግሪ ላይ ሼከር ላይ አስቀምጠዋለሁ፣ ኢንዛይሙ ከግራና ቀኙ አር የሚባለውን እጅ ብቻ እየያዘ አሲቴት ይለጥፍበታል፣ ኤስ የሆነው እንዳለ ይቀራል፣ ከቪኒል አሲቴቱ የሚተርፈው ደሞ ወዲያው አሴታልዴሃይድ ስለሚሆን ሪአክሽኑ ወደኋላ አይመለስም። መጀመሪያ ኤችፒኤልሲው (ድብልቁን ለያይቶ የሚለካው ማሽን) ላይ ሁለት እኩል ፒኮች (ጉብታዎች) እንደ መንታ ቆመው ታያላችሁ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ናሙና እየወሰዳችሁ ስታዩ አንደኛው እየሰመጠ እየሰመጠ ይሄዳል፣ ሁለተኛው ግን ንቅንቅ አይልም። ግማሹ ሲያልቅ በራሱ ቀጥ ይላል። የቀረው ኤስ ንፅህናው ከ99% በላይ ነው። ሶስት ዓመት ሙሉ ሳየው ዛሬም ደስ ይለኛል፣ ብረት የለ፣ ግፊት የለ፣ ማጣራት ብቻ። ዶቃውን በወንፊት ለይቼ አጥቤ አደርቀውና ደግሜ እጠቀምበታለሁ፣ አንዱን ባች 8 ጊዜ ሰርቼበታለሁ፣ ዘጠነኛው ላይ ነው መዘግየት የጀመረው።

አሁን ኮከቧ የት ሄደች? አንደኛ ግማሹን ነው የምታገኙት። 100 ግራም ከገባ 50 ግራሙ የማይፈለገው እጅ ነው፣ እሱን መልሶ ማደባለቅና እንደገና ማስገባት ካልቻላችሁ ይጣላል። ስቶክሆልም ያለው የኬሚስቱ ቤክቫል የምርምር ግሩፕ እዛው ዕቃ ውስጥ ሩተኒየም የሚባለውን ብረት ጨምሮ የቀረውን አልኮል እያገላበጠ ሁሉንም ወደ አንድ ወገን የሚወስድበትን መንገድ በደንብ አሳይቷል፣ እኛም ሞክረነው ይሰራል፣ ግን መድኃኒት ከሆነ የብረቱን ቅሪት አውጡ ትባላላችሁ።

ሁለተኛ ዶቃው ሲፈጭ። በማግኔት ባር እንዳታማስሉት! እኔ መጀመሪያ ሰሞን ሌሊቱን በማግኔት ሳማስለው አድሬ ጠዋት ስመጣ ዱቄት ሆኗል፣ ፊልተሩ ተደፍኖ ግማሽ ቀን ቁጭ ብዬ ጠብታ ስቆጥር ዋልኩ። ውሃ የበዛበት ወይ ሳሙና ነገር ያለበት ሚዲየም ውስጥም አታስገቡት ምክንያቱም ፕሮቲኑ ሬዚኑ ላይ ተጣበቀ እንጂ በኬሚካል ቦንድ አልታሰረም፣ ታጥቦ ይወጣል።

ሶስተኛ ሁሉም ሞለኪውል አይገባለትም። አልኮሉ በአንድ በኩል ትልቅ ቡድን በሌላ በኩል እንደ ሜቲል ወይ ኤቲል ያለ ትንሽ ቡድን ካለው ደስ ብሎት ይሰራል፣ ትንሹ ወገን ከኤቲል ካለፈ ግን ሞለኪውሉ የሚገባበት የኢንዛይሙ ኪስ ጠባብ ነው። ከኤቲል የሚበልጠው አይሶፕሮፒል ባለው አልኮል ሁለት ሳምንት ለፍተን ምንም አላገኘንም፣ ሙቀት ጨመርን፣ ሶልቨንት ቀየርን፣ በቃ እምቢ አለ። እንደዛ ሲሆን ሌላ ኢንዛይም መፈለግ ነው፣ አልኮሉ የሚሰራበት ኬቶን ካለ ኬቶሬዳክቴዝ የሚባለው ኢንዛይም ከግማሽ በላይ ይሰጣችኋል፣ ምክንያቱም ከኬቶኑ ተነስቶ ሁሉንም ወደ አንድ እጅ ነው የሚሰራው። ትልልቆቹማ ኢንዛይሙን ራሱን ነው የሚቀይሩት። ሜርክና ኮዴክሲስ የሚባሉት ኩባንያዎች ለስኳር መድኃኒቱ ሲታግሊፕቲን መጀመሪያ ኬቶኑን ጭራሽ የማይነካ ትራንስአሚኔዝ የሚባል ኢንዛይም ወስደው ደረጃ በደረጃ ቀያይረው በሮዲየምና በከፍተኛ ግፊት ሃይድሮጅን ይሰራ የነበረውን ደረጃ አስቀርተዋል፣ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት መሰረት ምርቱ ከ10 እስከ 13% ጨምሯል፣ ቆሻሻው በ19% ቀንሷል። ያ ግን የብዙ ሰውና የብዙ ገንዘብ ስራ ነው፣ ካል-ቢ ግን ከጠርሙስ አውጥቶ መጨመር ነው።

ስትገዙ ደሞ የሎቱን (የዛን የምርት ዙር) አክቲቪቲ፣ ማለት ጉልበቱን፣ የሚገልፅ ወረቀት ጠይቁ። እኔ አንዴ ካንድ አከፋፋይ ወረቀት የሌለው ጠርሙስ መጥቶልኝ ስሞክረው ግማሽ ጉልበት እንኳ አልነበረውም፣ ኢሜል ብፅፍ ብፅፍ መልስ የለም፣ ያ ባች እንዲሁ ቀረ።

እና እህቴ፣ አንቺ ዲፓርትመንት ሼከርና ፍሪጅ ካለ ይበቃሻል፣ ሃይድሮጅን ሲሊንደር አትፈልጊም። 5 ግራም ይዘዙልሽ፣ 4 ዲግሪ ላይ ክዳኑን ጥብቅ አድርገሽ አስቀምጪው፣ እርጥበት አይንካው። የመጀመሪያ ቀን የራስሽን ሞለኪውል አትሞክሪ፣ 1-ፌኒልኤታኖል ስሪ፣ ፒኩ ሲሰምጥ ካየሽ በኋላ ወደ ራስሽ ትሄጃለሽ። ኪራል ኮለም (ኤችፒኤልሲው ላይ ግራና ቀኙን የሚለየው ቱቦ) ከሌላችሁ ደሞ ናሙናውን የሚለካልሽ ሰው ከወዲሁ ፈልጊ፣ ሳትለኪ 99% ነው ብለሽ እንዳትፅፊ።