የተርነር ክላሲክ ሙቪስ ትልቁ ሀብት የፕሮግራም አሰላለፉ ነው

ተርነር ክላሲክ ሙቪስ፣ ወዳጆቹ በሚጠሩት አጭር ስም ቲሲኤም፣ የቆዩ ፊልሞችን ሌት ተቀን ያለ ንግድ ማስታወቂያ የሚያሳይ የአሜሪካ የኬብል ቴሌቪዥን ጣቢያ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 14 ቀን 1994 ስርጭቱን ሲከፍት ያሳየው የመጀመሪያው ፊልም በ1939 የተሠራው «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ነበር፤ የፊልሙ መነሻ የሆነውን ልብ ወለድ የአማርኛ አንባቢ በነቢይ መኮንን ትርጉም «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚለው ርዕስ ያውቀዋል። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የጣቢያው ወዳጆች በተገናኙ ቁጥር የሚያነሱት ጉዳይ የወሩ መርሐ ግብር ነው፤ ምን ይዟል፣ ምን ጎድሎታል፣ የትኛው ፊልም በየትኛው ሰዓት ተቀመጠ፣ ከየትኛውስ ፊልም ቀጥሎ መጣ እያሉ ይከራከራሉ። ነገሩን ከሩቅ ለሚያይ ሰው ይህ ክርክር በጥቃቅን ነገር ላይ የቆመ ሊመስለው ይችላል፤ እኔ ግን ጣቢያው ሊመዘንበት የሚገባው ትክክለኛ ሚዛን ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ። ብዙዎቹ የቆዩ ፊልሞች ዛሬ በዲስክም ሆነ በኢንተርኔት ይገኛሉ። ከምን ጋር ተዳብለው፣ በምን ቅደም ተከተል፣ በማንስ ማብራሪያ ታጅበው መታየት እንዳለባቸው አስቦ የሚወስን አካል ግን ከዚህ ጣቢያ ውጭ እምብዛም አይገኝም።

የፊልም ክምችቱ ከየት እንደመጣ ማወቅ የመርሐ ግብሩን ጥንካሬም ድክመትም ለመረዳት ይረዳል። ባለሀብቱ ቴድ ተርነር በ1986 የኤምጂኤምን ስቱዲዮ ገዝቶ ብዙም ሳይቆይ አብዛኛውን ንብረት መልሶ ሲሸጥ የፊልም ክምችቱን ግን ለራሱ አስቀረ። በዚህም እስከዚያ ዓመት ድረስ የተሠሩት የኤምጂኤም ፊልሞችና ከ1950 በፊት የተሠሩት የዋርነር ብራዘርስ ፊልሞች በእጁ ገቡ፤ ቆይቶም የአርኬኦ ስቱዲዮ ሥራዎች የአሜሪካ መብት ተጨመረበት። ተርነር በዚያን ጊዜ ጥቁርና ነጭ ፊልሞችን በኮምፒውተር ቀለም እያስቀባ በቴሌቪዥን ያሳይ ስለነበር ከዳይሬክተሮችና ከተዋንያን ከፍተኛ ተቃውሞ ደርሶበታል፤ ክርክሩ እስከ ኮንግረስ ዘልቆ በ1988 ለወጣውና በየዓመቱ 25 ፊልሞች የሚመረጡበትን ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ላቋቋመው ሕግ አንዱ መነሻ ሆኗል። ከስድስት ዓመት በኋላ ይኸው ባለሀብት የመሠረተው ጣቢያ ጥቁርና ነጩን ፊልም እንደተሠራ የሚያሳይ መሆኑ የፊልም ወዳጆች በታላቅ እፎይታ የተቀበሉት ለውጥ ነው።

ያለ ማስታወቂያ ማሳየት ቀላል ውሳኔ አይደለም። በ1984 የተጀመረውና ያኔ በዚሁ መስክ ቀዳሚ የነበረው አሜሪካን ሙቪ ክላሲክስ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ፊልሞቹን በማስታወቂያ ማቋረጥ ጀመረ፣ ከዚያም ቀስ በቀስ ፊቱን ወደ አዳዲስ ፊልሞችና ወደ ተከታታይ ድራማ አዞረ። ቲሲኤም ግን ፊልሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳያቋርጥ፣ ሳይቆርጥና በተሠራበት ቅርጽ ያቀርባል። ስለ ቅርጹ ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የሆሊውድ ፊልም ምስል ስፋቱ የቁመቱ 1.37 እጥፍ ስለነበረ ከአሮጌው የቴሌቪዥን መስኮት ጋር ብዙም አይጣላም ነበር። በ1953 ሲኔማስኮፕ ሲመጣ ግን ስፋቱ ከቁመቱ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ሆነ፤ ቴሌቪዥን ጣቢያዎችም ሰፊውን ምስል ግራና ቀኙን እየቆረጡ ከመስኮታቸው ጋር ማመጣጠን ለመዱ። ሁለት ሰዎች በምስሉ ሁለት ጫፎች ተቀምጠው ሲነጋገሩ የሚያሳይ ትዕይንት በዚህ መንገድ ሲቆረጥ አንደኛው ከእነአካቴው ይጠፋል፤ ዳይሬክተሩ መራራቃቸውን ለማሳየት ሆን ብሎ በመሃላቸው የተወው ባዶ ቦታም ከተመልካቹ ይሰወራል። ቲሲኤም ከላይና ከታች ጥቁር ሰንበር ትቶ ሙሉውን ምስል ማሳየት የለመደው አብዛኛው ተመልካች ሰንበሩን እንደ ጉድለት ይቆጥር በነበረበት ጊዜ ነው። በትልልቆቹ ፊልሞች መጀመሪያ የሚሰማውን የመክፈቻ ሙዚቃ እንኳ ሳይቀንስ ያስተላልፋል። ሙዚቃው ለደቂቃዎች ሲሰማ በስክሪኑ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፤ ሌላ ጣቢያ ቢሆን ይህን ጊዜ እንደ ባከነ ቆጥሮ ይዘለው ነበር።

ከፊልሙ በፊትና በኋላ የሚቀርበው አጭር ንግግር ለብዙዎቻችን የፊልም ትምህርት ቤት ሆኖልናል። ጣቢያው ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ የዚህ ዓምድ መሠረት የነበረው በማርች 2017 ያረፈው ሮበርት ኦስቦርን ነው። ኦስቦርን የአካዳሚ ሽልማትን (የኦስካርን) ታሪክ በመጽሐፍ የጻፈ፣ ብዙዎቹን የዘመኑን ተዋንያን በአካል የሚያውቅ ሰው ስለነበር ፊልሙን ሲያስተዋውቅ የሚናገረው ተመልካቹ ሊያስተውለው የሚገባውን እንጂ የታሪኩን መጨረሻ አልነበረም። በ2003 የተቀላቀለው ቤን ማንኪዊትዝ፣ የታዋቂው የስክሪፕት ጸሐፊ የኸርማን ማንኪዊትዝ የልጅ ልጅ፣ ዘና ባለ አነጋገር ያንኑ ሥራ ቀጥሏል። በእኔ ሚዛን ግን ዛሬ ይህን ሥራ በጥልቀት የሚሠራው ኤዲ ሙለር ነው። ከ2017 ጀምሮ በሚያቀርበው «ኖዋር አሊ» በተባለው ሳምንታዊ ፕሮግራም፣ በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ የተሠሩትን ጨለምለም ያሉ የወንጀል ፊልሞች እያነሣ ስክሪፕቱን ማን እንደጻፈው፣ ካሜራው ለምን ከወለል ሆኖ እንደቀረጸ፣ ከጸሐፊዎቹ መካከል ማን በጥቁር መዝገብ (በኮሚኒስትነት በተጠረጠሩ የፊልም ሰዎች ዝርዝር) ሰፍሮ ከሥራ እንደታገደ ያስረዳል። ሙለር የጠፉና የተጎዱ የዚህ ዓይነት ፊልሞችን የሚያድስ ድርጅት መሥራች በመሆኑ አንዳንዴ የሚያስተዋውቀው ፊልም እርሱ ራሱ ከመጥፋት እንዲድን የታገለለት ነው፤ ይህም በንግግሩ ይሰማል።

አሰላለፉ ጎልቶ የሚታየው ግን አንድ ፊልም ከሌላው ጎን ሲቀመጥ ነው። በየወሩ አንድ ተዋናይ «የወሩ ኮከብ» ተብሎ በየሳምንቱ አንድ ምሽት ሥራዎቹ ከጀማሪነቱ አንሥቶ ሲታዩ ዝነኛ የሆነባቸው ሁለትና ሦስት ፊልሞች ብቻ ሳይሆኑ የተረሱትም አብረው ይመጣሉ፤ ተመልካቹም ያ ድምፅና ያ አካሄድ እንዴት ቀስ በቀስ እንደተሠራ ያያል። ከዚህ የበለጠ የሚያስተምረው ደግሞ የሳንሱሩን ዘመን ወዲያና ወዲህ አድርጎ የሚያሳየው አሰላለፍ ነው። የሆሊውድ ስቱዲዮዎች የሥነ ምግባር ደንባቸውን በ1930 ቢያጸድቁም በጥብቅ መሥራት የጀመረው ከ1934 አጋማሽ ወዲህ ስለሆነ በመሃል ያሉት ዓመታት ፊልሞች ከኋለኞቹ ይልቅ ደፋሮች ናቸው። የዳሺል ሃሜት ልብ ወለድ «ዘ ማልቲዝ ፋልከን» በዋርነር ብራዘርስ በ1931፣ ርዕሱና ስሞቹ ተቀይረው በ1936፣ ከዚያም በጆን ሂውስተን ዳይሬክተርነት በ1941 ተሠርቷል። የጠፋ የ1,000 ዶላር ኖት ፍለጋ መርማሪው ሴቲቱን ልብሷን አስወልቆ የሚፈትሽበት ትዕይንት በመጀመሪያው ፊልም አለ፣ በመጨረሻው የለም። የሳንሱር ጽሕፈት ቤቱ የ1931ዱ ፊልም እንደገና እንዲታይ ፈቃድ ሲጠየቅ ከልክሏል። ሂውስተን ያንን ድፍረት ሳይጠቀም ሴቲቱን በእይታና በዝምታ ብቻ አደገኛ ማድረጉን፣ ሳንሱሩ የከለከለውን ነገር በአነጋገር ፍጥነትና በጥላ መተካቱን ልብ የሚል ሰው ሁለቱን በተከታታይ ያየ ነው። አንዱን ብቻ ያየ ሰው ጥሩ ፊልም አይቶ ይነሣል፤ ሁለቱን ያየ ደግሞ በ10 ዓመት ውስጥ አንድ ስቱዲዮ ምን እንደሆነ ያውቃል።

እንዲህ ያለ አሰላለፍ የሰው ሥራ ስለሆነ በጁን 2023 የጣቢያው ከፍተኛ አመራሮች መሰናበታቸው ሲሰማ የተነሣው ቁጣ አላስገረመኝም። ለረጅም ዓመታት መርሐ ግብሩን የመሩት ቻርለስ ታቤሽም ከተሰናባቾቹ መካከል ነበሩ። ስቲቨን ስፒልበርግ፣ ማርቲን ስኮርሴዚና ፖል ቶማስ አንደርሰን የባለቤቱን ኩባንያ የዋርነር ብራዘርስ ዲስከቨሪን ሥራ አስኪያጅ እስከማነጋገር ደረሱ፤ ታቤሽም ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ሦስት በሥራ የተጠመዱ ዳይሬክተሮች ጊዜያቸውን ለአንድ የኬብል ጣቢያ መርሐ ግብር መስጠታቸው ጉዳዩ ምን ያህል የሚያሳስብ እንደነበር ያሳያል።

ከወዳጆቹ የሚሰማው ዋነኛ ቅሬታ ድግግሞሽ ነው። ቅሬታው እውነትነት አለው፤ በተለይ ለአካዳሚ ሽልማት በሚሰጠው ወርና እያንዳንዱ ቀን ለአንድ ተዋናይ በሚመደብበት በኦገስት በየዓመቱ የሚመለሱት አርእስት ብዙ ናቸው። ምክንያቱ ግን ከስንፍና ይልቅ ከመብት የሚመነጭ ነው። የኤምጂኤም፣ የዋርነርና የአርኬኦ ፊልሞች ከቤት ያሉ ሲሆኑ የሌሎቹ ስቱዲዮዎች በኪራይ የሚመጡ ናቸው። ለምሳሌ ከ1950 በፊት የተሠሩት የፓራማውንት ድምፅ ያላቸው ፊልሞች በ1958 ኤምሲኤ ለተባለው ኩባንያ ተሸጠው ዛሬ የዩኒቨርሳል ንብረት ሆነዋል፤ የፎክስ ክምችትም ከ2019 ጀምሮ በዲዝኒ እጅ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው የሆሊውድን ታሪክ ከዚህ ጣቢያ ብቻ ቢማር ኤምጂኤምና ዋርነር ከነበራቸው ድርሻ በላይ ገዝፈው ሊታዩት ይችላሉ። ኪራይ ገንዘብ እንደሚጠይቅ አውቃለሁ፤ ሆኖም በዓመት አንድ ወር ለአንድ የተዘነጋ ስቱዲዮ ወይም ለአንድ የተዘነጋ ዳይሬክተር ቢሰጥ የሚያስገኘው ትርፍ ለመቶኛ ጊዜ ከሚታይ ተወዳጅ ፊልም እጅግ ይበልጣል።

ሌላው ክርክር «ክላሲክ» የሚባለው እስከ ስንት ዓመተ ምሕረት ነው የሚለው ነው። ጣቢያው ሲከፈት የ1964 ፊልም የ30 ዓመት ዕድሜ ነበረው፤ በዚያው ስሌት ዛሬ የ1990ዎቹ ፊልሞች ተራቸው ደርሷል የሚሉ አሉ። በሒሳቡ ስህተት አላገኝበትም። ነገር ግን የ1990ዎቹ ፊልም በብዙ ጣቢያና በብዙ አማራጭ ይገኛል፤ የ1931 ፊልም ግን በዚህ ጣቢያ ካልታየ ብዙ ጊዜ የትም አይታይም። ሰዓቱ ውስን እስከሆነ ድረስ ቅድሚያው መጠጊያ ለሌለው ፊልም ሊሆን ይገባል ባይ ነኝ።

በዚህ ረገድ የድምፅ አልባ ፊልሞች አያያዝ በጣም ያሳስበኛል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ባወጣው ጥናት መሠረት በአገሪቱ ከተሠሩት ረጃጅም ድምፅ አልባ ፊልሞች 70 በመቶ ያህሉ ጠፍተዋል። ጣቢያው ከተረፉት ላይ በጎ ሥራ ሠርቷል፤ በ2000 በጀመረው የወጣት የፊልም ሙዚቃ ደራሲያን ውድድር አማካይነት ለረጅም ጊዜ ሙዚቃ አልባ ሆነው የኖሩ ፊልሞች አዲስ ሙዚቃ አግኝተዋል። «ሳይለንት ሰንደይ ናይትስ» የተባለውን የእሑድ ፕሮግራምም ከ2019 ጀምሮ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የሆኑት ጃክሊን ስቴዋርት እንዲያቀርቡት ተደርጎ፣ በነጭ ስቱዲዮዎች ታሪክ ውስጥ ስማቸው የማይነሣው የጥቁር አሜሪካውያን ፊልም ሠሪዎች ሥራዎች ተገቢ ማብራሪያ ታጅበው ታይተዋል። ግን ሰዓቱ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው የውጭ አገር ፊልም ደግሞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት አካባቢ ይጀምራል። ጣቢያው ለመላው አሜሪካ የሚያሰራጨው በአንድ መስመር ስለሆነ በምዕራብ ጠረፍ ያለ ተመልካች ሁለቱንም በሦስት ሰዓት ቀድሞ ያገኛቸዋል፤ በምሥራቅ ያለውና ሰኞ ማለዳ ሥራ የሚገባው ግን ቀድቶ ከማየት በቀር ምርጫ የለውም። ከምሽቱ 2 ሰዓት የሚጀምረው ዋናው የምሽት ክፍል በወር አንድ እሑድ ብቻ ለድምፅ አልባ ፊልም ቢለቀቅ ከሌላው መርሐ ግብር የሚነካው ነገር ጥቂት ነው፤ የሚለቀቀውም ሰዓት ብዙውን ጊዜ በየዓመቱ በሚመለስ አንድ ተወዳጅ ፊልም የተያዘ ነው።