የቀይ ሽብር ሙዚየም፦ ሰውየውንስ ማን ይጠይቀው?

መስቀል አደባባይ ዳር ያለውን የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም እስካሁን ገብታችሁ ካላያችሁት፣ አንድ ጠዋት ስጡት። በቀላል ባቡር ከመጣችሁ ስታዲየም ውረዱ። መግቢያ አይከፈልም። የመዋጮ ሳጥን አለ፣ እጃችሁ አይጠር።

በ2002 ዓ.ም. ነው የተከፈተው። ጠባብ ነው፣ የቸኮለ ሰው ቶሎ ጨርሶት ይወጣል። እናንተ ግን አስጎብኚ ጠይቁ። ከአስጎብኚዎቹ መካከል በዚያ ዘመን ራሳቸው ታስረው የተገረፉ አሉ። እኛን የያዙን አባት ድምፃቸውን አንዴም ከፍ አላደረጉም። ቀበሌውን፣ የእስር ክፍሉን፣ አብሯቸው የነበረውን ልጅ ይነግሩናል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ማልቀስ የኛ ፈንታ ሆነ።

የፎቶው ግድግዳ ከባድ ነው። አፍሮ ያበጠሩ ተማሪዎች፣ ገና ፂም ያላወጡ። ከዚያ አፅሙ፣ ልብሱ፣ ጫማው። ከጅምላ መቃብር ሲወጣ የአርጀንቲና የፎረንሲክ ባለሙያዎች አግዘዋል፤ የደርግ ባለሥልጣናትን ለከሰሰው ልዩ ዐቃቤ ሕግ ማስረጃ ነበር።

ከአሜሪካ የመጣው የእህቴ ልጅ እዚህ ጋ ቆመ። “ጋሼ፣ ይህን ያስደረገው ሰውዬ አሁን የት ነው?” “ሐራሬ።” “ታዲያ ሄዶ የሚጠይቀው የለም?”

ጥሩ ጥያቄ ነው። ሰውየው፣ የደርጉ መሪ መንግሥቱ ኃይለማርያም፣ ግንቦት 13 ቀን 1983 ከአገር ወጣ። ታኅሣሥ 1999 ላይ በሌለበት በዘር ማጥፋት ጥፋተኛ ተባለ፣ ጥር ላይ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ግንቦት 2000 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቅጣቱን ወደ ሞት ከፍ አደረገው። ዚምባብዌ ግን አሳልፋ አልሰጠችውም። ገነት አየለ ሄዳ አናግራው መጽሐፍ ስታሳትም እናቴ “ያ ሰው ቤቴ አይገባም” ብላ መጽሐፉን አላስገባችም። እኔ ደብቄ አነበብኩት። እናቴ የተቆጣችበት ምክንያት ይገባኛል፤ ወንድሟን ነው ያጣችው። ቢሆንም ጋዜጠኛ ወንጀለኛን ሲጠይቅ አከበረው ማለት አይደለም። ሳይሞግቱ ማስወራት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን እኔም አልወደውም።

ከቦስኒያ ጦርነት የወጣ አንድ ጉዳይ ልጨምር። የዋሽንግተን ፖስቱ ጆናታን ራንዳል በ1993 እ.ኤ.አ. የሰርብ ባለሥልጣኑን ራዶስላቭ ብርጃኒንን አነጋግሮ ጻፈ። በኋላ ብርጃኒን በጦር ወንጀል ሲከሰስ፣ የሄጉ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ራንዳልን “ና መስክር” አለው። ራንዳል እምቢ አለ። ይግባኝ ሰሚው በታኅሣሥ 2002 እ.ኤ.አ. ደገፈው፦ የጦር ዘጋቢ ለመመስከር የሚገደደው ማስረጃው ለጉዳዩ ዋና ነጥብ ቀጥተኛና ጠቃሚ ሲሆን፣ ከሌላ ቦታም ሊገኝ የማይችል ሲሆን ብቻ ነው። አለዚያ ነገ ማን አፉን ይከፍትለታል? ብርጃኒን ያለ እሱ ምስክርነትም ተፈረደበት፤ በይግባኝ 30 ዓመት ሆነ።

ስለዚህ ለሙዚየሙ ያለኝ ምኞት አንድ ነው። መንግሥቱ ሚያዝያ 1969 በዚሁ አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች ሲሰብር የሚያሳየው ፊልም አለ። ከእሱ ጎን ከስደት የሰጠውን ቃለ መጠይቅ የምንሰማበት ጥግ ይኑር። ያለውን ሁሉ ያሰሙን፣ ከፊት ለፊቱ ደግሞ የፍርዱን መዝገብ ይስቀሉ። እናቴ ትቃወመኛለች።

ከአምስት ኮከብ አራት ተኩል ሰጥቻለሁ። ትንንሽ ልጆች ይዛችሁ ከሄዳችሁ፣ የአፅሙ ክፍል ጋ ስትደርሱ አንዳችሁ ውጭ ጠብቋቸው።