ሳሪስ ላሉት ጎሚስታ ምስጋናዬ ይድረስልኝ

ቅዳሜ ጠዋት ከልጄ ጋር ወደ አዋሽ ልንወርድ ስንል የቪትዜ የፊት ግራ ጎማ ተኝቶ አገኘሁት። ቀስ እያልኩ ሳሪስ አካባቢ፣ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብለው የሚሠሩ ጎሚስታ ጋ ደረስኩ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለነገሩኝ ጋሼ ብያቸው ልቀጥል።

ጋሼ ሚስማሩን ከመንቀላቸው በፊት ጎማውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። «እህቴ፣ ሁለቱ ዳር ተበልቷል፣ መሃሉ ደህና ነው። ንፋስ ሳይበቃው ስትነጂ ከርመሻል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከወራት በፊት አንድ ቦታ «ለስላሳ ይሁንልሽ» ተብሎ ንፋሱ ተቀንሶልኝ ነበር። የቀሩትን ሦስቱን ሲለኩ ጌጁ 18 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ አሃድ ነው) አነበበ። በሹፌሩ በር ክፈፍ ላይ የተለጠፈው ግን 32 ይላል።

ዘጠነኛ ክፍል የሆነው ልጄ «ንፋስ ሲያንስ ጎማ እንዴት ይበላል?» ብሎ ጠየቃቸው። ሥራ ተደርቦባቸው ነበር፤ ግን አልተቆጡም። የቀኙን የፊት ጎማ በክሪክ አነሱ፣ ከሰል ቀቡት፣ ከስሩ ካርቶን አንጥፈው አወረዱት። ከዚያ መልሰው አነሱና 32 ሞልተው በሌላ ካርቶን ላይ ደገሙት።

ሁለቱን ካርቶን መሬት ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡልን። የመጀመሪያው አሻራ ረጅም ነው፤ ዳርና ዳሩ ጠቁሮ መሃሉ ፈዟል። ሁለተኛው አጠር ያለ ነው፣ ሁሉም ጋ እኩል ጠቁሯል።

«መኪናዋ ክብደት ቀነሰች?»
«አልቀነሰችም።»
«እንግዲያው ግፊቱ ሲያንስ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ጎማው ብዙ መሬት መርገጥ አለበት።»

ልጄ «ግፊት ማለት ጉልበት ሲካፈል ለስፋት» የሚለውን ለፈተና ሸምድዶታል። የገባው ግን ያኔ ነው። ስልኩን አውጥቶ አሰላው። መኪናዋ ወደ 1000 ኪሎ ብትሆን ለአንድ ጎማ 250 ኪሎ ይደርሰዋል፤ ይህ ወደ 2450 ኒውተን ነው። 32 ፒኤስአይ ደግሞ ወደ 220,000 ፓስካል ነው። ሲካፈል 111 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ መጣ። መዳፌን ካርቶኑ ላይ አስደገፍኩ። ብዙም አይበልጠውም! ልጄን ይዤ የምሮጠው በአራት መዳፍ ላይ ነው ማለት ነው። ንፋሱ ሲጎድል ደግሞ የጎማው ጎን በየዙሩ ይተጣጠፋል፣ ይግላል፣ በረጅም መንገድ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ይህን ሲነግሩኝ ሆዴ ባባ።

ክሪኩ ስር ሰፊ ጣውላ ያደረጉትም ለዚሁ ነው። መሬቱ አፈር ስለነበር ያለ ጣውላ ክሪኩ ይሰምጥ ነበር። ጉልበቱ ያው ነው፣ የሚያርፍበት ቦታ ግን ሰፋ።

ስንሄድ አንድ ነገር አስጠነቀቁኝ። «ቆላ ስትደርሺ ጎማው ጋለ ብለሽ ንፋስ እንዳታስተነፍሺ። የሚለካው ጠዋት፣ ሳይነዳ፣ ቀዝቅዞ ሳለ ነው።» አየር ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል፤ 32 የተባለውም ይህ ታስቦ ነው። ጋሼ ሌላም ነገሩን፦ ጌጁ የሚያነበው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ ከፍታ ወደ አዋሽ ሲወረድ የውጭው አየር ግፊት ስለሚጨምር፣ ሙቀቱ ባይኖር ጌጁ እንዲያውም በ2 ፒኤስአይ ገደማ ዝቅ ባለ ነበር። እኔ ይህን በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም።

ያስከፈሉኝ የሚስማሩን መለጠፊያ ብቻ ነው። ለቀረው ስጨምርላቸው እምቢ አሉ።

ሳሪስ፣ ቃሊቲ፣ ጎፋ አካባቢ ያላችሁ፣ በተለይ «ሴት ናት፣ ምን ታውቃለች» እየተባላችሁ የምትንገላቱ፣ እሳቸው ጋ ሂዱ። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቦታውን አሳያችኋለሁ። ለመጠየቅ አትፍሩ፣ ደስ ብሏቸው ነው የሚያስረዱት።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁለቱን ካርቶን ልጄ ከአልጋው በላይ ለጥፏቸዋል።